የመረቡ ዓይን

ጎርጎራ ወደብ ላይ ሚዛን ያዥ ነኝ እኔ፣
ጠዋት ከታንኳ ጋር የሚነጋ ቀኔ።
ቀረሶ በኪሎ፣ አምባዛ በክንድ፣
እከትበዋለሁ እየለየሁ አንድ ባንድ።
ኪሴ ውስጥ ግን አለች ከሚዛን የበለጠች፣
ከዋንዛ የተቀረጸች፣ ሦስት ጣት የሰፋች፣
የመረብ መለኪያ፤ አባ እንድሪስ ሰጡኝ፣
ደንገል የሚሰፉት፣ ሐይቁን ያስተማሩኝ።
«መረብም ዓይን አለው» አሉኝ አንድ ማታ፣
ጉንጉኑን ሲያጠብቁ ከታንኳው አንገት ላይ፣ በቀስታ፤
«የሱ ዓይን ሲጠብ ይሰፋል የጌታው፤
ሁለቱ አይታረቁም፣ አንደኛውን ምረጠው።»

ውሉን ያሰርነው ዋርካ ሥር ተቀምጠን፣
ሦስት ቀን ተሟግተን፣ ተጣልተን፣ ታርቀን።
ከሐምሌ መግቢያ እስከ መስቀል ማግስት፣
የድርማ አፍ ይዘጋል፣ መረብ አይጣልበት።
ሽቅብ ነው ቢልጫ ለመውለድ ስትሄድ፣
እንግዳ ናትና አይዘጋባት መንገድ።
ደንገሉም አይታጨድ ከችካሉ ወዲያ፣
ለዓሣ ጫጩት ነው፣ ለይብራ ማደሪያ።
ክረምት ሲገባማ ድርማ ትደፈርሳለች፣
የደምቢያን ጥቁር አፈር ጠርጋ ትመጣለች፤
ደንገሉ ወንፊት ነው፣ ያጠራል፣ ያስቀራል፤
እሱ ከተነቀለ ሐይቁ ጭቃ ይጠጣል።
ለሰውስ? ለሰውማ ከችካሉ ወዲህ
ስምንት ኩሬ ቆፈርን፣ ተራ ይዘን እንዲህ፦
ሴቶቹ ማለዳ፣ ማታ ጎልማሳ፣
በፉርሽካ ተቀልቦ የሚያድግበት ዓሣ።
ክረምቱን በሱ እንዝለቅ፣ ሐይቁ ይረፍ ብለን።
አንዳንዱ አጨበጨበ። አንዳንዱ ሳቀብን።
«ዓሣ ጎርጓሪ» ሲሉን፣ በተረት ሲነኩን፣
«ጎርጎራ ተወልደን ምን እንሁን?» አልን።

ነሐሴ አሥራ ስምንት። ዝናቡ አባራ።
ጥበቃ ነበርኩኝ ከአባ እንድሪስ ጋራ።
ታንኳችን በደንገሉ መሐል ስትሳብ፣
ከድርማ አፍ ተሰማ የሚጎተት መረብ።
ባትሪዬን አበራሁ።
ናይለን ነው፤ ስስ ነው፤ ጨረቃ አያየውም፤
መለኪያዬን ሞከርኩ፣ ማዕዘኗም አልገባም።
ጫፉን የያዘው ሰው ፊቱን ሲያዞርልኝ፣
የትርንጎ ወንድም፣ ጥጋቡ ሆነብኝ።
ጥጋቡ። ስሙን ያወጡት በክፉ ቀን ነው፣
በጠፋበት ዘመን እህል ከጎተራው።
«መስከረም ደረሰ» አለኝ ቆሞ ከውሃ፣
«ሦስት ልጅ፣ ሦስት ደብተር፣ ኪሴ እንደ በረሃ።
ኩሬህ ገና ጣት ነው፣ አይሸጥ፣ አይበላ፤
ሕግህን ቀቅዬ ነው ወይ የማበላ?»
አባ እንድሪስ ዝም አሉ፣ መቅዘፊያው ጉልበታቸው ላይ፣
መሬት ተነፍገው ኖረው፣ ውሃ ብቻ ሲሳይ።

መልስ አልነበረኝም። አንዷን ዓሣ አነሣሁ፣
ሆዷ ፈሰሰብኝ፤ በመዳፌ ያዝሁ።
የማሽላ ፍሬ፣ ወርቃማ፣ ልስልስ፣
ሁለት መቶ ቆጠርኩ፤ ደከመኝ ሳልጨርስ።
ሚዛኔ ይህን አያውቅም። ደብተሬም ዓምድ የለው፤
ላልተወለደ ዓሣ ስንት ነው የምለው?
በሕይወት ያሉትን ከክሩ ስንፈታ፣
ጥጋቡም አገዘን፣ በእልህ፣ በዝምታ።
መረቡን ወሰድኩት። እሱ ቤቱ ገባ።
ትርንጎ አኮረፈች እስከ አደይ አበባ።
ጨው የሌለው ሽሮ ስበላ ከረምኩኝ፣
«ሚዛን ያዥ» ስትለኝ፣ ስሜን እንዳጣሁኝ።

ጥቅምት ላይ ቀረሶው ጥሩ ነው ይባላል።
በሕጉ? በዝናቡ? ማን በምን ያውቃል።
እምቦጩ በምሥራቅ እየገፋ መጣ፤
ከስምንቱ ኩሬ ሁለቱ ውሃ አጣ።
ከቀሩት ባንዱ ላይ ጥጋቡ ተራ አለው፤
ሰላም ይለኛል፤ ግን ዓይኔን አያየው።

ትናንት ግን እንጉዳይ፣ የሱ ትንሽ ልጅ፣
መጋዘኔ ገባች፣ ደብተሯን በግራ እጅ።
ያ መረብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፣
ነፋስ እያለፈው፣ ዝንቡን ግን ሲያስቀር።
ትንሿን ጣቷን ወደ ዓይኑ አስጠጋች፤
አልገባም።
ሌላ ጣት ቀየረች፤ ገፋች።
አምስቱንም ሞክራ፣ ገርሟት፣ ወደ እኔ ዞረች፤
«ጋሼ፣ ይኼ መረብ በምን ያያል?» አለች።